ፊርማው አለ፣ ዳታውስ?

«ዩኒቨርሲቲው ከኩባንያው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ» የሚለውን ዜና አንባቢ በቃሉ ያውቀዋል። ሁለት ኃላፊዎች ማኅደር ይለዋወጣሉ፣ «በዳታ ትንተና ብቁ ባለሙያ ለማፍራት» ይባላል፣ ኩባንያው ኮምፒውተር እንደሚለግስ ይነገራል። ከወራት በኋላ ሌላ ዜና ይከተላል፦ ተማሪዎች የሠሩት ሞዴል ብድር የማይመልሰውን ደንበኛ «99 በመቶ በትክክል» ይለያል። የመጀመሪያው ዜና ያሰለቸኛል። ሁለተኛው ያናድደኛል። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው 99 በመቶ ሲሰማ ማጨብጨብ ሳይሆን መጠርጠር ነው የሚቀናው።

ዳታ ትንተና ምን እንደሆነ እዚህ አላብራራም። ካለፈው መዝገብ ተነስቶ የሚመጣውን መገመት ነው ብሎ ማለፍ ይበቃል። መሠረቱን መማር የፈለገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ ያገኘዋል። ማብራሪያ የሚሻው ግምቱ የሚበላሽበት መንገድ ነው።

አንድ ባንክ ያለፉትን ዓመታት የብድር መዝገብ ለተማሪዎች ሰጠ እንበል። መዝገቡ የተበዳሪውን ዕድሜ፣ ሥራ፣ ገቢና መያዣ ይዟል። ከዓምዶቹ አንዱ «የመጨረሻ ደብዳቤ ቁጥር» ይላል። ተማሪው ሁሉንም አንድ ላይ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ኮምፒውተሩም የደብዳቤ ቁጥር የተጻፈለት ተበዳሪ በሙሉ ማለት ይቻላል ብድሩን እንዳልከፈለ ወዲያው ይደርስበታል፤ ውጤቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ዜናው ይሠራል። ደብዳቤው ግን ከሕግ ክፍል የሚወጣ ማስጠንቀቂያ ነው። የሚጻፈው ሰውየው መክፈል ካቆመ በኋላ ነው። ነገ ጠዋት ብድር ሊጠይቅ የሚመጣ ደንበኛ ምንም የደብዳቤ ቁጥር ስለሌለው ሞዴሉ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህን ባለሙያዎቹ ዳታ ሊኬጅ (የዳታ መሾለክ) ይሉታል። መሾለክን ከፈተና እናውቀዋለን። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው የተቋረጠበት ጊዜ አይረሳም። ፈተናው እንደዚያው ቢታረም ኖሮ ብዙ ጥሩ ውጤት ይመዘገብ ነበር፣ የትኛው ተማሪ እንግሊዝኛ እንደሚችል ግን አይታወቅም ነበር። የዳታው ጉዳይ የሚለየው ሌባ ስለሌለው ነው። መልሱን ጥያቄው ውስጥ የከተተው መዝገቡን በቅንነት የሞላ ሠራተኛ ነው፤ ከመቶ ዓምድ ውስጥ የትኛው ከውጤቱ በኋላ እንደተሞላ ፋይሉ ራሱ አይናገርም።

የረቀቀውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 ኬዲዲ ካፕ በተባለው ዓመታዊ ውድድር ሲመንስ የጡት ካንሰር ምርመራ ዳታ አቀረበ። ያሸነፈው የአይቢኤም ተመራማሪዎች ቡድን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ፦ የታካሚው መለያ ቁጥር ብቻውን ካንሰር መኖር አለመኖሩን በደንብ ይጠቁማል። የካርድ ቁጥር በሽታ አያመጣም። ቡድኑ የጠረጠረው ዳታው ከተለያየ ቦታ ተሰብስቦ መቀላቀሉን ነው፤ አንደኛው ምንጭ ሕሙማን የሚበዙበት ሌላው ጤነኞች የሚበዙበት ከሆነ፣ የቁጥሩ ተርታ የመጣበትን ቦታ፣ ቦታው ደግሞ መልሱን ያሳብቃል። ሲመንስን የሚያህል ድርጅት በባለሙያ አስጠርጎ ባቀረበው ዳታ ይህ ከደረሰ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት በኤክሴል የተላከው ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአሜሪካ የሳንባ ምች ሕሙማንን መዝገብ የተማረ ሞዴል አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው አለ። መዝገቡ አልዋሸም። አስም ያለባቸው ሕሙማን በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየተላኩ የተለየ ክትትል ስለሚደረግላቸው ነበር የሚተርፉት። ሞዴሉን አምኖ «አስም አለበት፣ ቤቱ ይተኛ» ያለ ሐኪም ሰው ይገድል ነበር። ተመራማሪዎቹ በትክክለኛነት የበለጠውን ሞዴል ትተው አሠራሩ የሚነበበውን ቀለል ያለ ስሌት መረጡ።

ደብዳቤው መቼ እንደሚጻፍ የሚያውቀው የብድር ክፍል ሠራተኛው ነው፤ አስም ያለበት የት እንደሚተኛ የምታውቀው ነርሷ ናት። የመማሪያ መጽሐፍ ዳታ ተበጥሮ ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ወጥመድ አይገኝበትም፤ ቢገኝበትም የሚጠየቅ ባለቤት የለውም። ዩኒቨርሲቲ ያለ ኩባንያ ሊያገኘው የማይችለው ይህን ነው፦ ያልጠራ ዳታ፣ ከፊት ለፊቱም ስለ እያንዳንዱ ዓምድ የሚጠየቅ ሰው። ኮምፒውተር በጨረታ ይገዛል።

በዚህ መንገድ ቀድሞ የሄደው የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዳታ ትንተና ማስተርስ ሲከፍት ትምህርቱን 10 ወር ብቻ አድርጎ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር አሰረው። ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ሆነው፣ ምስጢር ለመጠበቅ ተስማምተው፣ የአንድ ድርጅትን እውነተኛ ዳታ ይዘው የድርጅቱን ጥያቄ ሲፈቱ ይከርማሉ። በአካባቢው ልማዱ የቆየ ነው። ሳስ የተባለው የትንተና ሶፍትዌር እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግብርና ሙከራ ውጤቶችን ለማስላት ተጀምሮ ነው እ.ኤ.አ. በ1976 ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው።

እዚህ ላይ ግን ከስታቲስቲክስ ወገን የሆንን ሰዎች ከኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቻችን ጋር ስለምንጨቃጨቅ ጥቂት ነገር ላለዝብ። የአስሙ ታሪክ በጥብቅ አነጋገር ሊኬጅ አይደለም፤ ሕክምናው ውጤቱን ስለለወጠው የመጣ የምክንያት መደበላለቅ ነው። ሁለቱን የምቀላቅለው መድኃኒታቸው፣ ማለትም ባለቤቱን መጠየቅ፣ አንድ ስለሆነ ነው፤ የማይስማማ ብዙ አለ። ዳታውን በጊዜ ከፍሎ፣ በአሮጌው አስተምሮ በአዲሱ መፈተን ብዙውን ሊኬጅ ይይዛል የሚሉትም እውነት አላቸው፣ ሁሉንም ባይሆንም። 99 በመቶ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴም አይደለም። ከመቶ ተበዳሪ አንዱ ብቻ በሚያጠፋበት ባንክ «ሁሉም ይከፍላል» የሚል ሞዴል ያለ አንዳች ሊኬጅ 99 በመቶ ትክክል ነው። ጥቅም የለውም እንጂ።

ዳታውን መስጠትም ቀላል አይደለም። ስም ሰርዞ መስጠት ይበቃል የሚለውን እምነት ፊልም አቅራቢው ኔትፍሊክስ ገና ድሮ አፍርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የ480,000 ገደማ ደንበኞችን ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የፊልም ነጥብ ያለ ስም ለውድድር ለቀቀ። ሁለት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በሌላ ድረ ገጽ በግልጽ ከተሰጡ የፊልም አስተያየቶች ጋር በማስተያየት የአንዳንዶቹን ማንነት ለዩ። ሁለተኛው ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰረዘ። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ባንክ ወይም ሆስፒታል መዝገቡን በፍላሽ ለዩኒቨርሲቲ አቀብሎ የሚገላገልበት ጊዜ አልፏል። ተማሪው በባለቤቱ ግቢ፣ በባለቤቱ ማሽን መሥራቱ የተሻለ ይመስለኛል፤ ዘገምተኛ ቢሆንም።

የመግባቢያ ሰነዶች የሚዘሉት ሌላም ነገር አለ፦ የተገኘውን ማን ያሳትማል? የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያውን ዊልያም ጎሴትን እ.ኤ.አ. በ1906 ለንደን ወደሚገኘው የስታቲስቲክስ ሊቅ የካርል ፒርሰን ቤተ ሙከራ ልኮት ነበር። ጎሴት ይዞ የሄደው ጥያቄ የፋብሪካ ጥያቄ ነው፦ ጥቂት ናሙና ብቻ ሲኖር ምን ያህል ይታመናል? ብዙ ናሙና የለመደውን ፒርሰንን ይህ ብዙም አላስጨነቀውም። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ታተመ፤ ዛሬ የስታቲስቲክስ ተማሪ ሁሉ ቲ ቴስት ብሎ ይማረዋል። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ ጽሑፉ የወጣው «ስቱደንት» በሚል ስም ነበር። ኩባንያው ምስጢሩን ጠበቀ፣ ሳይንሱም ቀመሩን አገኘ። ስምምነቱ ይህን ያህል ታስቦበት ከተጻፈ፣ ፎቶው ባይነሳም ግድ የለኝም።