ሩሲያዊውን ማን ይምረጠው?

ጁን 2023 ሊጠናቀቅ ሁለት ቀናት ሲቀሩት የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን ሊመርጡ ናሽቪል ከተማ ተሰበሰቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛ ተመራጩ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ካናዳዊው ኮነር ቤዳርድ። አዳራሹን ልብ ያንጠለጠለው ጥያቄ ሌላ ነው። ማትቬይ ሚችኮቭን የሚደፍር ክለብ ይኖር ይሆን?

ሚችኮቭ በፐርም ከተማ የተወለደ የ18 ዓመት አጥቂ ነው። በ2021 ቴክሳስ ላይ በተካሄደው ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና፣ ገና በ16 ዓመቱ በ7 ጨዋታ 12 ግብ አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ተብሏል። ቤዳርድም በዚያው ውድድር ላይ ተሰልፎ ነበር። በችሎታ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች አይወርድም ነበር። ስድስት ክለቦች አለፉት። ሰባተኛው ፊላደልፊያ ፍላየርስ ስሙን ጠራ።

ስድስቱ ለምን እንዳለፉት ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤንኤችኤል 32 ክለቦች ያሉት፣ በዓለም ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ ነው። በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት ክለቦቹ ተራ በተራ በሰባት ዙር ወጣቶችን ይመርጣሉ፤ በዓመቱ ደካማ የነበሩት ቀድመው የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ። የመረጠው ክለብ የሚያገኘው ግን ተጫዋቹን ሳይሆን ከእርሱ ጋር ለብቻው የመደራደር መብትን ነው። ልጁ አገሩ ላይ የፈረመው ውል ካለ፣ ድራፍቱ ያንን ውል አይሽረውም።

ለስዊድናዊ ወይም ለፊንላንዳዊ ወጣት ይህ ብዙ አያስጨንቅም። የአገሮቹ ፌዴሬሽኖች ከኤንኤችኤል ጋር የዝውውር ስምምነት ስላላቸው፣ የተወሰነ ካሳ ይከፈልና ልጁ ይሄዳል። ሩሲያ ግን ከሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ ሩሲያዊን የመረጠ ክለብ ያለው አማራጭ የልጁ ውል እስኪያልቅ መጠበቅ፣ አለዚያም የሩሲያው ክለብ በፈቃዱ እንዲለቀው ተስፋ ማድረግ ነው። ሚችኮቭ ከኤስኬኤ ሴንት ፒተርስበርግ ጋር የነበረው ውል እስከ 2026 የሚዘልቅ ነበር። ሦስት ዓመት ማለት ነው፤ ያውም ጦርነት ላይ ባለች አገር።

ፍርሃቱ ከጦርነቱ በፊትም ነበር። በሶቪየት ዘመን ተጫዋቾቹ የሚመጡት በመክዳት ነበር። ቡፋሎ በ1988 በ89ኛ ተራ የመረጠው አሌክሳንደር ሞጊልኒ፣ በቀጣዩ ዓመት ከስቶክሆልሙ የዓለም ሻምፒዮና በኋላ ቡድኑን ጥሎ ጠፋ። በወታደር ክለብ ውስጥ ማዕረግ የነበረው በመሆኑ በአገሩ ዓይን ከጦር ሠራዊት የከዳ ሰው ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የውድድር ዘመን 76 ግብ አስቆጠረ። ዲትሮይት በ1989 በ74ኛ ተራ የመረጠው ሰርጌይ ፌዶሮቭም በ1990 ቡድኑ አሜሪካ በነበረበት ጊዜ ተሰውሮ ቀረ። በወቅቱ እነዚህ ምርጫዎች እንደ ቀልድ የሚታዩ ነበሩ። ዲትሮይት ግን በ1997 የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚያነሳውን የስታንሊ ዋንጫን ሲወስድ በቡድኑ ውስጥ አምስት ሩሲያውያን ነበሩ፤ ፌዶሮቭ አንዱ ነው።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰችም በኋላ ማምለጡ አልቀረም። ፒትስበርግ በ2004 ከአሌክሳንደር ኦቬችኪን ቀጥሎ በሁለተኛ ተራ የመረጠው ኤቭጌኒ ማልኪን፣ በኦገስት 2006 የማግኒቶጎርስክ ክለቡ ማግባቢያም ጫናም ጨምሮበት ሌሊት ላይ አዲስ ውል ፈረመ። ከቀናት በኋላ ቡድኑ ለዝግጅት ሄልሲንኪ ሲያርፍ ማልኪን ከአውሮፕላን ማረፊያው ከወኪሉ ጋር ተሰወረ። የአሜሪካ ቪዛ እስኪያገኝ ድረስ እዚያው ተደብቆ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ፒትስበርግ ሦስት የስታንሊ ዋንጫ አንስቷል፤ ማልኪን በሦስቱም ውስጥ አለበት።

በ2008 ኬኤችኤል የተባለው የሩሲያ ሊግ ሲቋቋም ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥጋት መጣ። አሁን ጥያቄው «ይለቁታል ወይ?» ብቻ አልነበረም፤ «ራሱስ መምጣት ይፈልጋል ወይ?» የሚል ተጨመረበት። አዲስ ገቢ ተጫዋች በኤንኤችኤል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መነሻ ደመወዙ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች እንዲሆን በሊጉ ደንብ የተገደበ ነበር። አገሩ ላይ ኮከብ የሆነ ልጅ ከዚያ የበለጠ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ግብሩም ዝቅ ያለ ነበር። አሌክሳንደር ራዱሎቭ በዚያው በ2008 ከናሽቪል ጋር ውል እያለው ወደ ሩሲያዋ ኡፋ ሄደ። ኢሊያ ኮቫልቹክ በ2013 ከኒው ጀርሲ ጋር 12 ዓመትና 77 ሚሊዮን ዶላር የቀረውን ውል ትቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ።

እንዲህ ያሉ ታሪኮች በየክለቡ ቢሮ ሲወሩ ኖረው «የሩሲያ ጉዳይ» የሚል የጋራ ስም አገኙ። ችግሩ በአንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መታሸጋቸው ነው። አንደኛው የወረቀት ጉዳይ ነው፦ ውል፣ ቪዛ፣ ወታደራዊ አገልግሎት። ሁለተኛው «ሩሲያውያን ልባቸው እዚህ አይደለም» የሚለው ሐሜት ነው። የኋለኛው ብዙ አያስኬድም። ኮለምበስ በ2008 በስድስተኛ ተራ የመረጠው ኒኪታ ፊላቶቭ በኤንኤችኤል 53 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ 6 ግብ አስቆጥሮ አገሩ ገባ፤ ስሙም ለማስፈራሪያ ሲጠራ ኖረ። በየዓመቱ ከካናዳዋ ሳስካችዋን ወይም ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ የተመረጡ ልጆችም ይከሽፋሉ፤ የእነርሱን ውድቀት ግን በፓስፖርታቸው የሚተረጉመው የለም። ቫሌሪ ኒቹሽኪን በዳላስ በ2018-19 57 ጨዋታ ያለ አንዲት ግብ ጨርሶ ክለቡ ውሉን ከፍሎ አሰናበተው። ከሦስት ዓመት በኋላ በኮሎራዶ ማሊያ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ።

የወረቀቱ ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ ዋጋውንም ገበያው ይተምናል። በ2010 ቭላዲሚር ታራሴንኮ እስከ 16ኛ፣ ኤቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ እስከ 26ኛ ወረዱ። ኩዝኔትሶቭ ወደ ዋሽንግተን የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ በ2018 ክለቡ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ በጥሎ ማለፉ 32 ነጥብ ሰብስቦ ከሁሉም የላቀው እርሱ ነበር። (በሆኪ ግብ ማስቆጠርም ለግብ ማቀበልም ለተጫዋቹ እኩል አንድ ነጥብ ያስቆጥራሉ።) ኒኪታ ኩቼሮቭን ታምፓ ቤይ በ2011 በ58ኛ ተራ አገኘው። ኪሪል ካፕሪዞቭን ደግሞ ሚኒሶታ በ2015 ያነሳው በ135ኛ ተራ፣ በአምስተኛው ዙር ነው።

ካፕሪዞቭ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ የመጠበቅን ትርጉም ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ልጁ አምስት ዓመት አልመጣም። በ2018 ኦሎምፒክ ፍጻሜ ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት የረታችውን ግብ አስቆጠረ፤ ሚኒሶታ በቴሌቪዥን ተመለከተች። እርሱን የመረጠው ዋና ሥራ አስኪያጅ ቸክ ፍሌቸር በዚያው ዓመት ተሰናበተ። እርሱን የተካውም በቀጣዩ ዓመት ተሰናበተ። በ2020 ያስፈረመው ሦስተኛው ሰው ቢል ጌሪን ነው። ካፕሪዞቭ በመጀመሪያ ዓመቱ የምርጥ አዲስ ገቢ ሽልማትን ወሰደ፤ በ2025 ደግሞ ለስምንት ዓመት የ136 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ውል አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ይገለጣል። ሩሲያዊን መምረጥ ለክለቡ አዋጪ ሆኖ ለመራጩ ግን አክሳሪ ሊሆን ይችላል። ክለቡ አምስት ዓመት መጠበቅ ይችላል፤ ወንበሩ የሚነቃነቅበት ሥራ አስኪያጅ ግን አይችልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባል፣ በመጪው ዓመት ሜዳ የሚገባለትን ልጅ ይመርጣል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው የተጫዋቹ ሥጋት ሳይሆን የመራጩ የሥራ ዕድሜ ነው።

የወረቀቱን ሥጋት ደግሞ ፊላደልፊያ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ2015 በሰባተኛው ዙር የመረጠችው ግዙፉ በረኛ ኢቫን ፌዶቶቭ በሜይ 2022 ውል ፈረመላት። ጁላይ 1 ላይ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ከወታደራዊ አገልግሎት ሸሽተሃል ተብሎ ተያዘ፤ ወደ ሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍም ተላከ። አገልግሎቱን ሲጨርስ ደግሞ የቀድሞ ክለቡ ሲኤስኬኤ ሞስኮ አሰለፈው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊላደልፊያ ውል የጸና ነው ብሎ ቢወስንም ልጁ ሞስኮ ላይ መጫወቱን ቀጠለ። የመጣው በ2024 ነው። ይህ ሁሉ ትርምስ ካለፈ በኋላ የተገኘው መካከለኛ በረኛ መሆኑ ነው የሚያስገርመው፤ በ2025 ለኮለምበስ ተሰጠ።

እንግዲህ ሚችኮቭን በ2023 የመረጠው ይኸው ክለብ ነው፤ የፌዶቶቭ ጉዳይ ገና እልባት ሳያገኝ። ድፍረት ይመስላል፤ ስሌትም ነበረበት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዳኒ ብሪዬር ቡድኑን ከመሠረቱ እንደሚገነባ በይፋ የተናገረ፣ ገና ሥራ የጀመረ ሰው ነው። ሦስት ዓመት አይጎዳውም። ያም ሆኖ ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ከ2022 ጀምሮ ሩሲያ ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ታግዳ ነበር፣ ኤንኤችኤልም ክለቦቹ ከኬኤችኤል ጋር እንዳይገናኙ አዝዞ ነበር። መልማዮች በአብዛኛው በቪዲዮ ነበር የሚፈርዱት።

ሦስቱ ዓመት ግን አንድ ሆነ። ኤስኬኤ በውሰት ወደ ሶቺ የሰደደውን ሚችኮቭን በ2024 ከውሉ ለቀቀው። በመጀመሪያ ዓመቱ በ80 ጨዋታ 26 ግብና 63 ነጥብ አስመዘገበ።

ሚችኮቭን ያለፉት ክለቦች ሁሉ ፓስፖርቱን ፈርተው ነው ማለትም አይቻልም። ከፊላደልፊያ አንድ ተራ ቀድማ የመረጠችው አሪዞና የወሰደችው ሌላ ሩሲያዊ፣ ዲሚትሪ ሲማሼቭን ነው። በ12ኛ ተራም የቡድን ጓደኛውን ዳኒል ቡትን ጨመረች። ሁለቱ ውላቸውን በያሮስላቭል ጨርሰው፣ የሩሲያን ዋንጫ አንስተው በ2025 ሲመጡ አሪዞና የሚባል ክለብ አልነበረም፤ በ2024 ቡድኑ ወደ ዩታ ተዛውሯል። ልጆቹ ይመጣሉ ወይ ሲባል ክለቡ ራሱ ሄደ።

በአምስተኛ ተራ የነበረችው ሞንትሪያል ደግሞ ኦስትሪያዊውን ተከላካይ ዳቪድ ራይንባኸርን መርጣ ነበር። የውል ጣጣ የሌለበት፣ ጥንቃቄ የተሞላበት ምርጫ። ተከላካዮች ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው መዘንጋት አይገባም፤ ራይንባኸር ግን በጉልበት ጉዳት ተይዞ፣ ሚችኮቭ የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጨርስ እርሱ በኤንኤችኤል አንድም ጨዋታ አላደረገም ነበር።

ሞንትሪያል በ2024 እንደገና አምስተኛ ተራ ደረሳት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሌላ የኤስኬኤ አጥቂ ገና አልተመረጠም ነበር፤ ኢቫን ዴሚዶቭ። አሁን አላለፈችውም። ልጁ በሩሲያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ65 ጨዋታ 49 ነጥብ ሰብስቦ፣ ውሉ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት ተለቀቀ። ኤፕሪል 14 ቀን 2025 ከቺካጎ ጋር በተጫወተው የመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጨዋታው አንድ ግብ አስቆጥሮ አንድ አቀበለ።