የኦክ ኖል እግር ሠሪዎች

ኦክላንድ ውስጥ በ580 አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ሁሉ፣ የኬለር መውጫ ጋ ስትደርሱ ከመንገዱ በላይ ያለውን ኮረብታ ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ ለ54 ዓመት የባሕር ኃይል ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ኦክ ኖል። (ክኖል አትበሉ፤ በእንግሊዝኛ K ይጻፋል እንጂ አይነበብም።) የእኛ ሰው «የቬተራን ሆስፒታል ነበር» እያለ ያልፈዋል። አልነበረም። የቬተራን ሆስፒታል ከሠራዊቱ የተሰናበተውን ያክማል፤ ኦክ ኖል ግን በዋናነት ገና ዩኒፎርሙን ያላወለቀውን መርከበኛና ማሪን ከነቤተሰቡ ነበር የሚቀበለው። እንደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታላችን አስቡት። እዚያ የተወለደ የኦክላንድ ሰውም ብዙ ነው።

ቦታው የጎልፍ ሜዳ ነበር። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ ባሕር ኃይሉ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የጣውላ ቤቶች ተደርድረው ሆስፒታሉ ተከፈተ፤ የጎልፈኞቹ ቤትም የመኮንኖች ክበብ ሆነ። በ1945 ታካሚው ወደ 6,000 ደርሶ ነበር። «ጊዜያዊ» የተባሉት እነዚያ የጣውላ ቤቶች፣ ትልቁ የኮንክሪት ሕንፃ በ1968 እስኪያልቅ ድረስ 26 ዓመት አገለገሉ።

እኔ የምወደው ግን የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያውን ነው። ባሕር ኃይሉ እጅና እግር የተቆረጠባቸውን የሚያክምበት ማዕከል ቀድሞ ቫሌሆ ውስጥ ሜር አይላንድ ላይ ነበር። በ1950 ወደ ኦክ ኖል መጣ፤ ሐኪሙ ቶማስ ካንቲ ይመሩት ነበር። በዚያው ዓመት የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት፤ ከዚያም ቬትናም ተከተለ።

ብዙ ሰው የሰው ሠራሽ እግር ጥበቡ ያለው ጉልበቱ ላይ ወይም ብረቱ ላይ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ዋናው ሶኬቱ ነው፤ ከመቆረጥ የተረፈው እግር የሚገባበት ማቀፊያ። የሰውየው ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። ትንሽ ከሰፋ እግሩ ውስጡ እየዋለለ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ከጠበበ ደም ይከለክላል። ደግሞ ቀሪው እግር እንደ ጫማ ቁጥር ባለበት አይቆምም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ባለፈው ወር ልክ የነበረው ሶኬት በዚህ ወር ይሰፋል። ስለዚህ እግር ገዝቶ ማስረከብ አይበቃም፤ ለክቶ፣ አስሞክሮ፣ አራምዶ፣ ፍቆ፣ ካልሆነም አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ደንበኛውን ሁለቴ ይጠራው የለ? እዚህ ሃያ ጊዜ ቢጠራውም አይበዛም። ኦክ ኖልን ኦክ ኖል ያደረገውም ይኸው ነው፦ ቀዶ ሐኪሙ፣ እግር ሠሪውና ታካሚው በአንድ ግቢ መኖራቸው።

በዚያው ዘመን እዚሁ ጎረቤት፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድ ኤበርሃርት የሚባል የሲቪል መሐንዲስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ንጣፍ ሲፈትሽ አደጋ ደርሶበት እግሩን አጣ፤ ከዚያ ከአጥንት ሐኪሙ ከቨርን ኢንማን ጋር ሆኖ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ማጥናት ያዘ። ቁርጭምጭሚቱ የማይንቀሳቀስ፣ ተረከዙ ግን እንደ ትራስ የሚለሰልስ እግር የወጣው ከዚያ ቤተ ሙከራ ነው። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ።

ኦክ ኖል በ1996 ተዘጋ። የኮንክሪቱ ሕንፃ ባዶውን ከርሞ መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2011፣ በፈንጂ ተደረመሰ።

ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ አሳፍሬ ነበር። ሲገቡ የዘገዩ መስሎኝ ብብታቸውን ይዤ ልስባቸው ስል፣ «ልቀቀኝ፤ በሩን ብቻ ወለል አድርገህ ክፈት» ብለው ተቆጡኝ። መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀኝ እግራቸውን በእጃቸው አንስተው አስገቡ። ኬለርን ስናልፍ በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝና «የተሠራው እዚያ ነበር፤ ሰባት ጊዜ ፍቀውልኛል» አሉኝ። እናንተም የምትነዱ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ግፉ፣ በሩን ያዙ፣ ሰውየውን ግን አትሳቡ።