ተንገዳጋጆቹ

እ.ኤ.አ. በ2025 ለገበያ የቀረበው «ፒክ» የተባለ ጌም ታሪኩ ሁለት መስመር አይሞላም። አውሮፕላናቸው ሰው አልባ ደሴት ላይ የተከሰከሰባቸው እስካውቶች፣ ቢበዛ አራት ሆነው፣ ከፊታቸው የተገተረውን ተራራ መውጣት አለባቸው። በቃ። አንዱ ቀድሞ አፋፉ ላይ ይደርስና ከታች ለተንጠለጠለው ጓደኛው እጁን ይዘረጋል። «ያዝ! ያዝ እንጂ!» ሲል፣ ሦስተኛው ሙዙን በልቶ የጣለውን ልጣጭ ልብ ያለው የለም። ጎታቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ያዳልጠዋል፤ ተያይዘው ይወርዳሉ። ሁለት ጩኸት እየራቀ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ ከአንዱ ሰፈር ርቆ በየቤቱ ተቀምጦ፣ መርዳቱን ትተው በሳቅ ይፈርሳሉ።

ይህን ቀልድ የጻፈው ሰው የለም። «አግሮ ክራብ» የተባለው የሲያትል ስቱዲዮና «ላንድፎል» የተባለው የስቶክሆልም ስቱዲዮ ጌሙን የጀመሩት ደቡብ ኮርያ ውስጥ ቤት ተከራይተው አብረው በከረሙበት ጊዜ ነበር። እነሱ የደነገጉት ልጣጭ እንዲያዳልጥ፣ እጅ ከዚህ እስከዚህ ብቻ እንዲደርስ፣ ድምፅ በርቀት እንዲደክም ነው። ሌላውን ለጓደኛሞቹ ተዉላቸው። ጌሙ በወጣ በሳምንቱ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ሳቅ በዚህ መንገድ መምጣቱ ለአጥኚዎቹ አዲስ ነገር አይሆንም። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቅርንጫፍ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ፕሮቫይን ሳቅን ላቦራቶሪ ውስጥ ማጥናት ሲያስቸግረው፣ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ገበያ ማዕከልና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ሰዎች ሲስቁ መመዝገብ ጀመረ። 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን ሲያገላብጥ፣ ከሳቁ በፊት የተባለው ነገር በእርግጥ ቀልድ ሆኖ የተገኘው ከአምስት አንድ ጊዜ እንኳ አልነበረም። የቀረው «በሉ ደህና ዋሉ» የሚል ዓይነት ተራ ንግግር ነበር። ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅም አስልቷል።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። ጆይስቲክ የያዙት ሁለት ናቸው፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ግን ይበዛሉ፤ ቤቱን በሳቅ የሚያናጋውም የነሱ ተረብ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው የኳስ ግጥሚያ ለብቻው ቢታይ ምኑም አያስቅም።

ለሳቅ ብለው የሚሠሩ ጌሞች ታዲያ ለዚህ ተረብ ጥሬ ዕቃ ማቅረብ አለባቸው። ዋናው ጥሬ ዕቃ የማይታዘዝ ገላ ነው።

በተለመደው አሠራር የአንድ ገጸ ባሕርይ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ሩጫው፣ ዝላዩ፣ አወዳደቁ ሳይቀር በሠዓሊ እጅ ተሠርቶ ቁልፉ በተነካ ቁጥር ይደገማል። መቶ ጊዜ የወደቀ ሰው መቶ ጊዜ በአንድ ዓይነት ይወድቃል፤ ከሦስተኛው በኋላ ማንም አይስቅም። «ራግዶል» በሚባለው አሠራር ግን ገላው ጭንቅላት፣ ደረት፣ ክንድ፣ ጭን እየተባለ ተከፋፍሎ በመገጣጠሚያ ይያያዝና፣ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚያርፍ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ያሰላል። አንዱ አወዳደቅ ከሌላው አይገጥምም።

የስሌቱ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከጨዋታ ዓለም አይደለም። በ1967 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉ ቬርሌ የ864 አርገን አቶሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አሰላ። የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ አቶም አሁን የት እንዳለና ከቅጽበት በፊት የት እንደነበረ፣ ምን ኃይልም እንደሚገፋው ከታወቀ፣ ቀጥሎ የት እንደሚሆን ይገኛል፤ ፍጥነቱን ለብቻ መዝግቦ መያዝ አያስፈልግም። ከ30 ዓመታት በኋላ ዴንማርክ ውስጥ «ሂትማን» የተባለውን የነፍሰ ገዳይ ጌም ከሠሩት አንዱ የሆነው ቶማስ ያኮብሰን በአቶሞቹ ቦታ ክርንና ጉልበት ተካ። ከክርን እስከ አንጓ ያለው ርዝመት መለወጥ የለበትም፤ ስሌቱ ካስረዘመው ሁለቱ ጫፎች እኩል ወደ መሐል ይሳባሉ። ያ ሲስተካከል ትከሻው ይዛነፋል፤ እሱም ይሳባል። ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም ገላው በግርድፉ ልክ ይይዛል። ግርድፍ መሆኑ አያሳስብም፤ ለተመልካች ዓይን የሚበቃ ሲሆን ለኮምፒውተሩም ቀላል ነው። «ሂትማን» በ2000 ሲወጣ ተጫዋቹ ሬሳ በእግሩ ይዞ ሲጎትት፣ እጆቹ እየተንቀዋለሉ፣ ጭንቅላቱ ከደፉ ጋር እየተላተመ ይከተል ነበር። ጌሙ ለሳቅ የተሠራ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ግን ሳቀ።

ቀጣዩ እርምጃ ለዚህ ሬሳ ሕይወት መስጠት ነበር። በየመገጣጠሚያው እንደ ጡንቻ የሚስብ ኃይል ይጨመርና ገላው ቀጥ ብሎ ለመቆም ይሞክራል። ዘዴው ያለው ይህ ጡንቻ ሆን ተብሎ እንዲደክም መደረጉ ላይ ነው። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ በተሠራው «ጋንግ ቢስትስ» ውስጥ ተጫዋቾች ከፎቅ ጫፍ ለመገፋፋት ሲታገሉ፣ የጠብ ወግ የማያውቁ ሰካራሞች ይመስላሉ። የሊትዌኒያው ቶማስ ሳካላውስካስ በ2016 ያወጣው «ሂውማን ፎል ፍላት» ደግሞ እያንዳንዱን እጅ ለየብቻው ቁልፍ ሰጠው። ግድግዳ መውጣት የፈለገ ተጫዋች መጀመሪያ ቀና ብሎ ማየት አለበት፤ እጆቹ የሚነሡት ወደሚያይበት ነውና። ከዚያ በሁለቱም ቁልፎች ይጨብጣል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ታች ያያል፤ ያኔ ክንዶቹ ሲወርዱ ገላው ወደ ላይ ይሳባል። አንዱን ቁልፍ ቀድሞ የለቀቀ ሰው በአንድ እጁ እንደ ልብስ ተሰጥቶ ይቀራል። ጌሙ በመጀመሪያ በኢንተርኔት አብሮ መጫወት አያስችልም ነበር። በ2017 ስምንት ሰው ድረስ አብሮ እንዲገባ ሲፈቀድ ገበያው ደራ፤ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ችግሩ ያው ነው፣ እንቆቅልሾቹም ያው ናቸው፤ የተጨመረው የሚያይ ሰው ነው።

ከነዚህ ከሁለቱ ጌሞች በፊት በ2008 አውስትራሊያዊው ቤኔት ፎዲ፣ የፍልስፍና ምሁር ነው፣ «ክዎፕ» የተባለች ትንሽ ጌም ኢንተርኔት ላይ ለቆ ነበር። አንድ የ100 ሜትር ሯጭ አለ፤ አራት ቁልፎች አሉ፤ ሁለቱ ጭኖቹን፣ ሁለቱ ባቶቹን ያንቀሳቅሳሉ። አብዛኛው ሰው ጥቂት ሜትር ሳይሄድ በግንባሩ ይደፋል። ጤነኛ ሰው ሲራመድ የእግሮቹን መፈራረቅ በአመዛኙ የሚያቀናጁት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ ትስስሮች ናቸው፤ ሚዛኑን ደግሞ ንዑስ አንጎል ያርማል፤ ባለቤቱ ስለ ጉልበቱ አያስብም። ፎዲ ያንን ሁሉ ከኅብለ ሰረሰር ነጥቆ ለአራት ጣቶች አሸከማቸው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕያው የሆነ ሰው እንደ ማሽን ግትር ሲልብን እንስቃለን ብሎ ነበር። ክዎፕን ቢያይ ኖሮ ሌላ ምሳሌ ባልፈለገ።

መውደቅ ግን ሁልጊዜ አያስቅም፤ ደረጃ ላይ የወደቁ አዛውንት አያስቁም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒተር ማግሮና ኬሌብ ዋረን በ2010 ባቀረቡት ሐሳብ፣ የሚያስቀው አንድ ነገር ከሥርዓት ሲወጣና በዚያው ቅጽበት ጉዳት እንደሌለው ስናውቅ ነው። ሠሪዎቹ ገጸ ባሕርያቱን ክብ፣ ለስላሳ፣ አጥንት አልባ አድርገው የሚስሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደም ቢታይ ሳቁ በግማሽ ይቆረጥ ነበር።

ሁለተኛው ጥሬ ዕቃ ድምፅ ነው፤ በዚህ ረገድ የቅርብ ጊዜዎቹ ጌሞች ከቀደሙት ርቀው ሄደዋል። ለብዙ ዓመታት አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ድምፅ በአብዛኛው እንደ ስልክ ስብሰባ ለሁሉም እኩል ይሰማ ነበር። በ2023 አንድ ሰው ብቻውን የሠራው «ሊታል ካምፓኒ» ከዚህ ልማድ ከወጡት አንዱ ነው። አራት ሠራተኞች ጭራቅ በሚኖርባቸው የተተዉ ሕንፃዎች ውስጥ ውራጅ ይለቅማሉ፤ ድምፃቸው የሚሰማው ግን በአመዛኙ በአጠገባቸው ላለ ሰው ነው። በገሃዱ ዓለም በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ከጎን የሚመጣ ድምፅም ሁለቱ ጆሮዎች ላይ ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ይደርሳል፤ አንጎል አቅጣጫውን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ጌሙ ድምፅ በርቀት መድከሙንና ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱን ያስመስላል። ውጤቱም አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አለማወቁ ነው። አንደኛው በኮሪደሩ ማዶ «ኑ እዩ፣ እዚህ ጋ አንድ ትልቅ...» ብሎ ጀምሮ ድምፁ በመሐል ይቆረጣል። ሦስቱ ይተያያሉ። «...አንድ ትልቅ ምን?»

ይህ የሚሠራው መስመሩ ፈጣን ከሆነ ብቻ ነው። በ2009 የታተመ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በወግ መሐል አንዱ ጠይቆ ሲያበቃ ሌላው እስኪመልስ የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ደካማ የኢንተርኔት መስመር ከዚህ በላይ በቀላሉ ያዘገያል፤ ያኔ ተረቡ ከሰዓቱ ያልፋል፤ ሁለት ሰው እኩል ይናገርና እኩል ዝም ይላል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ዋሽንግተን ካለ ዘመዱ ጋር በቪዲዮ ለመቀለድ የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

«አሞንግ አስ» የተባለው ጌም ከሁለቱም በተለየ መንገድ ያስቃል፤ የሱ ጥሬ ዕቃ ውሸት ነው። የጨዋታው ሕግ የተቀዳው በ1986 ሞስኮ ውስጥ የሥነ ልቦና ተማሪ የነበረው ዲሚትሪ ዳቪዶቭ ከፈጠረው «ማፍያ» ነው፦ ከዳተኞቹ እነማን እንደሆኑ ጥቂት የሚያውቁ፣ ብዙ የማያውቁ። በ2018 ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። በ2020 ዓለም ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን በመስከረም ወር ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ይጫወተው ጀመር። በስልክ ላይ በነጻ መገኘቱም ረድቶታል፤ ፒክን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድና ደህና ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ዋናው ግን ውሸቱ ነው፤ የዋህ የሚባል ጓደኛ ዓይኑን ሳያሽ ሲዋሽ ማየት ከየትኛውም ጭራቅ ይበልጥ ያስደነግጣል።

ዕድልም የራሱ ድርሻ አለው። ኒንቴንዶ በ1998 ጃፓን ውስጥ ባስጀመረው «ማሪዮ ፓርቲ» በመጨረሻው ደቂቃ ተጨማሪ ኮከቦች ይታደሉና ሲመራ የቆየው ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ፍትሕ የለበትም፤ ግን የአሥር ዓመት ልጅና ጌም የማያውቁ አጎት ከባለሙያው እኩል ተስፋ ይዘው ይቀመጣሉ።

ሳቁ በገላ ላይ ምን ይሠራል? የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን አስቂኝ ፊልም ከማሳየታቸው በፊትና በኋላ ሕመም የመቋቋም አቅማቸውን ለኩ። መሣሪያቸው የወይን ጠርሙስ የሚያቀዘቅዝ በረዶ የሆነ መጠቅለያና የደም ግፊት መለኪያ ነበር፤ ክንድ ላይ ታስሮ «አልቻልኩም» እስኪባል ይጠበቃል። ከልብ የሳቁት ከሌሎቹ ይበልጥ ቆዩ። በ2017 ደግሞ በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ 12 ወንዶች ከቅርብ ጓደኞቻቸው ጋር ለ30 ደቂቃ ሲስቁ ከቆዩ በኋላ የአንጎላቸው ምስል ተነሣ። ገላ ራሱ የሚሠራቸው፣ ከሞርፊን ጋር በአንድ መግቢያ የሚገቡ ኬሚካሎች በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች መለቀቃቸው ታየ። ሁለቱም ጥናቶች የተሠሩት በኮሜዲ ነው እንጂ በጌም አይደለም፤ ተሳታፊዎቹም ጥቂት ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ጌም መድኃኒት ነው የሚል ማስታወቂያ ቢመጣ ባያምኑት ይሻላል።

ለጌም ሠሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው የደንባር ሥራ ነው። ከጊዮም ደዛካሽ ጋር መጠጥ ቤት የተቀመጡ ሰዎችን ሲታዘቡ፣ አብሮ የሚያወራ ቡድን ከአራት ሰው እምብዛም እንደማይበልጥ፣ አብሮ የሚስቀው ደግሞ ከዚያም አነስ እንደሚል አገኙ። ፒክ አራት ነው፤ ሊታል ካምፓኒ አራት ነው፤ ማሪዮ ፓርቲም አራት ነበር። የመጨረሻው ሰበብ የሳቅ ጥናት ሳይሆን የሚጫወቱበት ማሽን አራት መሰኪያ ብቻ ያለው መሆኑ ነበር፤ ቢሆንም ቁጥሩ በአመዛኙ ሳይለወጥ ቆይቷል። የለንደኑ «ሚዲያቶኒክ» በ2020 «ፎል ጋይስ»ን ሲያወጣ በመሰናክል ላይ እርስ በርስ የሚገፋፉ 60 ክብ ፍጡራን በአንድ ሜዳ አሰለፈ፤ መጀመሪያ ያሰበው 100 ነበር። ከስልሳው መሐል ግን ሰው ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ሠርቶ መግባት የተፈቀደለት ቢበዛ አራት ሆኖ ነው። የቀሩት 56 የሚገፉና የሚገፈተሩ እንግዶች ናቸው።