የሚረሳ ሰርቨር፣ የሚጠይቅ ቦት

እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተሰኘችውን ፕሮግራም ይፋ ሲያደርጉ፣ ፕሮግራሟ ከተጠቃሚው ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ቃል ፈልጋ በተዘጋጀላት መልክ ከመመለስ በቀር ቋንቋ አታውቅም ነበር። ለፒኤችፒ የተዘጋጀው ቦትማን የተባለው ላይብረሪም በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም፤ የደረሰውን መልእክት ከተሰጡት ቃላት ጋር ያነጻጽራል፣ ሲገጥምለት ተጓዳኙን ተግባር ያስፈጽማል።

ቦትማንን በላራቬል ፍሬምወርክ በተሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ማስገባት አያስቸግርም። በኮምፖዘር ይጫናል፤ መልእክት የሚቀበልበት አንድ አድራሻም ይከፈትለታል። ከቴሌግራም የሚመጣ መልእክት ላራቬል ከቅጾች ጋር የሚጠብቀውን ምስጢራዊ ምልክት ስለማይዝ፣ አድራሻው ከዚህ ቁጥጥር ነጻ ካልተደረገ 419 የተባለው ስሕተት ይመለሳል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ቦቱ ራሱ መጠየቅ ሲጀምር ነው። ተማሪው «ምዝገባ» ብሎ ጻፈ እንበል። ቦቱ «ስምዎ ማን ነው?» ይላል። ተማሪው «ኃይሉ» ብሎ ሲመልስ ግን ቦቱ «አልገባኝም» ይለዋል! ምክንያቱም ፒኤችፒ በተለመደው አሠራሩ አንድን ጥያቄ አስተናግዶ ሲጨርስ በማስታወሻው የያዘውን ሁሉ ይጥላል፤ ስሙን የሚቀበለው እንደ አዲስ የተነሣ ፕሮግራም ነው። ቦትማን ለዚህ ያለው መላ ጭውውቱ የደረሰበትን ደረጃ በጊዜያዊ ማከማቻ፣ ማለትም በካሽ ማስቀመጥ ነው። ሆኖም ቦቱን በራሳችን ስንፈጥር ማከማቻ ካልሰጠነው የሚጠቀመው በዚያው ማስታወሻ ያለን አሬይ ነው፤ ይህም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የላራቬልን ካሽ ልንሰጠው፣ ካሹም በፋይል፣ በዳታቤዝ ወይም በሬዲስ ላይ መቀመጡን ልናረጋግጥ ይገባል። ጉድለቱ አንዳችም የስሕተት መልእክት ስለማያሳይ ጀማሪን ክፉኛ ያደናግራል።

አማርኛ ለሚያነብ ቦት ሌላም ጉዳይ አለ። «ሰላም» እና «ሠላም» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን «ሠ» 1220፣ «ሰ» 1230 በሚሉ የተለያዩ ቁጥሮች (በአሥራ ስድስት መደብ) ስለተመዘገቡ፣ አንዱን የሚጠብቅ ቦት ሌላውን አያውቀውም። መፍትሔው መልእክቱን ከመነጻጸሩ በፊት በሚድልዌር አሳልፎ ሞክሼ ፊደላትን ከነዘሮቻቸው ወደ አንድ መለወጥ ነው። የሚጠበቁት ቃላትም በዚያው መልክ ይጻፋሉ። ለምዝገባ የሚቀመጠው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይሁን፤ ኃይሉ በመዝገብ ላይ «ሀይሉ» ሆኖ ስሙን ቢያገኘው ደስ አይለውም።