ባላንጣዎች ፋይል የሚለዋወጡበት ማኅበር

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤርባስ ግዙፉን ኤ380 የሚያስረክብበትን ቀን ደጋግሞ ሲያራዝም ጥፋቱ የሞተርም የክንፍም አልነበረም። በአንዱ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቦ ይዘረጋል። ሀምቡርግ ላይ ተዘጋጅቶ ቱሉዝ የደረሰው ሽቦ ግን በተመደበለት መስመር ሲዘረጋ አልበቃም፣ አጠረ። ጀርመኖቹ ካቲያ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር አራተኛ ስሪት ሲሠሩ ፈረንሳዮቹ ወደ አምስተኛው ተሻግረው ነበር። የሚገርመው ሁለቱንም የሠራው አንድ ኩባንያ፣ ዳሶ ሲስተምስ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ኤ380 ሲንጋፖር አየር መንገድ እጅ የገባው በኦክቶበር 2007 ነው። ጥፋቱን ሁሉ ለሶፍትዌሩ መስጠት ለአለቆቹ ማዳላት ይሆናል፤ ቢሆንም የአንድ ሠሪ ሁለት ስሪቶች እንዲህ ካልተግባቡ የተፎካካሪዎቹ ምን ሊሆን ነው?

ጉዳዩ የምርት የሕይወት ዑደት አስተዳደር (ፒኤልኤም) የሚባለው ሙያ ነው። አንድ መኪና ወይም አውሮፕላን ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ፋብሪካ፣ ከጥገና እስከ መጣያ ድረስ የሚከተለው መረጃ አለው፦ የእያንዳንዱ ክፍል ቅርጽ፣ ማን መቼ እንደለወጠው፣ ለውጡን ማን እንዳጸደቀው። ይህን መረጃ የሚይዙትን ሶፍትዌሮች ዳሶ፣ ሲመንስ፣ ፒቲሲና ሌሎችም ይሸጣሉ። ደንበኛው በቀላሉ ወደ ሌላ እንዳይሄድ መፈለጋቸው የነጋዴ ጠባይ ነው። መኪና አምራቹ በበኩሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕቃ አቅራቢዎች አሉት፤ ሁሉንም አንድ ሶፍትዌር ግዙ ብሎ ማስገደድ አይችልም።

ጀርመን ዳርምሽታት ከተማ የሚገኘው ፕሮስቴፕ አይቪፕ የተባለ ማኅበር በ1993 የተመሠረተው በዚህ ክፍተት ነው። አባላቱ መኪናና አውሮፕላን አምራቾች፣ ዕቃ አቅራቢዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ራሳቸው ሶፍትዌር ሻጮቹ ናቸው። ገለልተኛ መባሉ ጥቅም የሌላቸው ሰዎች ስለተሰበሰቡበት አይደለም። እንዲያውም ጥቅማቸው የሚጋጭ ሁሉ እዚያው ስለተቀመጠ አንዱ ብቻውን ደንቡን ወደ ራሱ መጎተት ይከብደዋል።

ከስሙ እንደሚታየው ማኅበሩ የተነሣው ስቴፕ ለተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ለአይሶ 10303 ነው። ደረጃው መታተም የጀመረው በ1994 ሲሆን የማንም ሻጭ ንብረት ያልሆነ የፋይል ቅርጽ ይደነግጋል። የተለመደው የስቴፕ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማንበቢያ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው መስመርም የደረጃውን ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ደረጃ መጻፍ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። አንዱን አንቀጽ ሁለት ፕሮግራም ሠሪዎች ሁለት ዓይነት ይረዱታል። ለእኔ የማኅበሩ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፒዲኢኤስ ከተባለው የአሜሪካ ማኅበር ጋር በሚያካሂደው የሙከራ መድረክ ሻጮቹ በየጊዜው ተገናኝተው አንድ የተመረጠ ንድፍ በየሶፍትዌራቸው ይሠራሉ፣ በስቴፕ ያወጡታል፣ የተፎካካሪያቸውንም ፋይል ይከፍታሉ። ፋይሉ የዕቃውን ይዘት፣ የገጹን ስፋትና የክብደቱን ማዕከል በቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ሶፍትዌር እንደገና ሲያሰላ ቁጥሩ ካልገጠመ መንገድ ላይ የጠፋ ነገር አለ። የማን ሶፍትዌር እንደወደቀ ለውጭ ሰው አይነገርም። ገዢ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ውድቀቱ በአደባባይ የሚለጠፍ ቢሆን ኖሮ ደካማ ፋይሉን ይዞ የሚመጣ ሻጭ አይገኝም ነበር።

ሎታር የሚባለው የማኅበሩ ሥራ ደግሞ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የበረራ ኢንዱስትሪ ማኅበራት ጋር በጋራ የሚሠራ ነው፤ የንድፍ ፋይሎች ለአሥርት ዓመታት ተጠብቀው እንዲነበቡ ማድረግ ነው ግቡ። አውሮፕላን ከሶፍትዌር በላይ ይኖራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ኤ350 ተረክቧል፤ ያ አውሮፕላን አርጅቶ አንድ ክፍሉ አደጋ ቢያስከትል መርማሪው የሚፈልገው ንድፍ፣ የተሠራበት ፕሮግራም ከገበያ ከጠፋ በኋላም መከፈት አለበት።

ማኅበሩ ማንንም የሚቀጣበት ሥልጣን የለውም። የፒኤልኤም ግልጽነት ደንብ የተባለው ሰነዱም ሻጮች መረጃ የሚወጣበትንና የሚገባበትን በር ክፍት እንዲያደርጉ የሚጠይቅ የውዴታ ቃል ነው። ጥርስ የሚያወጣው ትልቅ ገዢ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሲያስገባው ነው፤ ያን ጊዜ ለሻጩ ፊርማው ወደ ገበያ የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ይሆንበታል።