ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጆቻችንና የእሳት አደጋ በጎ ፈቃድ

ባለፈው ዓመት ነው፤ በረዶው ገና ከመንገድ ዳር አልጠፋም። እንደ ልማዳችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ በሚገኘው የታላቅ እህቴ ቤት ቡና ልንጠጣ ተሰባስበናል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል የአሥራ ስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ መጣችና እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አለቻት።

የትምህርት ቤት ጉዞ ፈቃድ መስሎን ነበር። ለካ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ወጣቶችን በበጎ ፈቃድ ተቀብሎ ለማሠልጠን ያወጣው ማመልከቻ ኖሯል።

እህቴ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ፣ «እኔ የሱዳንን በረሃ አቋርጬ እዚህ የደረስኩት ልጄን እሳት ውስጥ ልማግዳት ነው?» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገራት።»

ውድ አንባቢያን፣ እኔም ነገርኳት። ሥራው የጎረምሳ ሥራ እንደሆነ፣ ለሴት ልጅ እንደማይሆን፣ እርሷ ፋርማሲ ማጥናት እንዳለባት አስረዳኋት። ልጅቱ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ሄደህ አይተኸዋል?»

አላየሁትም። አዲስ አበባ በጋዜጠኝነት ስሠራ የመጀመሪያው አለቃዬ ያስተማረኝ ሳላይ እንዳልጽፍ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ሲዘጉ ከሀገር ወጣሁ፤ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪ ያዝኩ። ለካስ ያን የመጀመሪያ ትምህርት እዚያው ትቼው መጥቻለሁ። ስለዚህ ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጉዞ ውጤት ነው።

ሄጄ ያየሁት

እነዚህ ወጣቶች በዚህ አገር «ኤክስፕሎረር» ይባላሉ። ፕሮግራሙ ከአሜሪካ የስካውት ድርጅት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በጠቅላላ ደንቡ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ የ14 ዓመት ልጆችን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ያሉትን፣ ወንድም ሴትም፣ ይቀበላል። ዝርዝሩ እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ከከተማ ወጣ ባሉት ትንንሽ ቦታዎች ደግሞ «ጁኒየር ፋየርፋይተር» የሚል ስም የሚሰጣቸው አሉ።

በአንድ ምሽት ጣቢያው ደረስኩ። የመኪናው ማቆሚያ በር ተከፍቷል፤ አሥራ አምስት ያህል ልጆች ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ስፓኒሽ የሚናገር አለ፣ ሶማልኛ የሚናገር አለ፤ የአበሻ መልክ ያላቸውን ሁለት ልጆችም በዓይኔ ለየሁ። አንድ አሠልጣኝ ሰዓት ይዟል። ልጆቹ ቦቲውን፣ ሱሪውን፣ ኮቱን፣ ጓንቱንና ሄልሜቱን ለብሰው፣ የአየር ሲሊንደሩን አዝለው፣ ጭንብሉን አጥልቀው እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ክብደቱ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። እኔ ኮቱን ብቻ ብለብሰው ትከሻዬ ወረደ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የማይፈቀድላቸው ነገር ብዛት ነው። እህቴ እንደፈራችው ማንም ልጅ የሚቃጠል ቤት ውስጥ አይገባም። ጣራ ላይ ወጥቶ አይቆርጥም። ሥራው ሁሉ ከአደጋው ክልል ውጭ ነው፤ መሣሪያ ማቀበል፣ የውሃ ቱቦ መጠቅለል፣ ከእሳት ለወጡት ሠራተኞች ውሃ ማቅረብ የመሳሰለው። አብዛኛው ጊዜያቸው የሚያልፈው በትምህርት ነው። ገመድ ማሰር፣ መሰላል ማቆም፣ ደም ማቆም፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ ሕይወቱን ማቆየት ይማራሉ። በደንብ የሠለጠነው ደግሞ ቤተሰቡ ከፈረመለት ከሠራተኞቹ ጋር በመኪናው ተሳፍሮ ሥራውን በዓይኑ ያያል።

አንድ ሌላ ነገርም ተረዳሁ። ዛሬ የእሳት አደጋ መኪና ሳይረኑን እያሰማ በሠፈራችን ሲያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እሳት ለማጥፋት አይደለም። የሚሄደው ልቡ ለደከመ፣ ለወደቀ አዛውንት፣ በመኪና ለተጋጨ ሰው ነው። ልጆቻችን ሐኪም እንዲሆኑ ለምንመኝ ወላጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲስ ነገር ነውን?

«በነፃ እሳት ማጥፋት ምን የሚሉት ነው?» የሚል ወገን ብዙ ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ረጋ ብለን ስናየው ከእኛ የሚርቅ አይደለም።

በ1736 ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ አንድ የእሳት ማጥፊያ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነበረበት፤ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ይዘው ይደርሳሉ። በስብሰባ ቀን የቀረ አባል መቀጮ ይከፍላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። መቀጮው ሳይቀር የእኛው እድር ነው!

ዴንቨርም ብትሆን በበጎ ፈቃደኞች የቆመች ከተማ ናት። ኤፕሪል 19 ቀን 1863 የተነሣ እሳት የእንጨት ቤቶቿን መሐል አወደመው። ከዚያ በኋላ በመሐል ከተማው በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ነዋሪዎቹም በማኅበር እየተደራጁ እሳት ያጠፉ ጀመር። ከተማዋ ደመወዝ የሚከፈላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያገኘችው በ1881 ነው። በትሬሞንት ፕሌስ የሚገኘው የዴንቨር የእሳት አደጋ ሙዚየም ይህን ታሪክ ይዟል፤ ቤቱ ራሱ በ1909 የተሠራ ጣቢያ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትጸጸቱም። ስለ 3ኛው ጣቢያም ጠይቁ፤ በዘር መለያየት ዘመን ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚመደቡት በፋይቭ ፖይንትስ ሠፈር በነበረው በዚህ ጣቢያ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚገቡበትን በር ቀድመው የከፈቱት እነርሱ ናቸው።

ዛሬም በመላ አሜሪካ ካሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመቶ 65 ያህሉ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን በ2020 የተደረገው ቆጠራ አሳይቷል። እኛም ብንሆን እሳት ሲነሣ መንግሥትን ጠብቀን አናውቅም። «ኡኡ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት በውሃ፣ በአፈርና በእርጥብ ቅጠል ይረባረባል። በ2019 በስሜን ተራሮች ፓርክ እሳት ሲነሣ ከእስራኤል ባለሙያዎችና ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከመድረሳቸው በፊት ገደሉን ወጥተው ከነበልባሉ ጋር የታገሉት የአካባቢው ገበሬዎችና ወጣቶች ነበሩ። በኦክቶበር 2024 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድም ዕቃ ለማውጣት እየሮጠ የገባው ብዙ ነው። የጎደለን ፈቃደኝነት አይደለም፤ ሥልጠና ነው።

ያች ሌሊት በግሪን ቫሊ ራንች

ኦገስት 5 ቀን 2020 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነውን የዴንቨር ነዋሪ አይረሳውም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በግሪን ቫሊ ራንች አንድ ቤት በእሳት ተያያዘ። ከሴኔጋል የመጡ፣ እንደ እኛው ሠርተው ለመኖር የተሰደዱ አምስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ሰዎች ከፎቅ ዘለው ተረፉ። እሳቱን ያነሡት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ለአንደኛው የተሰረቀበት ስልክ በዚያ ቤት ያለ መስሎት ነው፤ ቤቱ ግን የተሳሳተ ቤት ነበር። ከሦስቱ ከባዱ ፍርድ በ2024 የተሰጠው የ60 ዓመት እስራት ነው።

ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። በዚያ ጣቢያ ያየኋቸው ልጆችና እነዚያ ሦስቱ እኩዮች ናቸው፤ ያው ዕድሜ። አንዱ ወጣት ሌሊቱን በቂም ሲያሳልፍ ሌላው ገመድ ማሰር ይማራል። «እሳት አመድ ይወልዳል» እያልን በልጆቻችን ከመተረት በፊት፣ ምሽታቸውን የሚያሳልፉበት ቦታ አዘጋጅተንላቸው እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ ይሻላል።

እሳቱ ያለው ቤታችን ነው

ከጣቢያው ስመለስ እህቴን አሳመንኳት፤ ወረቀቱም ተፈረመ። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቱ እኔ ቤት መጣችና ቀና ብላ ኮርኒሱን ተመለከተች። የጭስ ማስጠንቀቂያው በፌስታል ተጠቅልሏል። ሽንኩርት ስናቁላላና ዕጣን ስናጨስ እየጮኸ ስላስቸገረን የጠቀለልኩት እኔው ራሴ ነኝ። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ቤት? ባትሪው አለ ወይስ ወደ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ተዛውሯል?

ከዚያ ስለ ከሰሉ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ብርድ ነው ብላችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ ነው የምታነዱት?» አዎን፣ እንደዚያው ነው። አገር ቤት «የከሰል ጭስ አፍኗቸው አደሩ» የሚል ዜና ስንቴ ጽፌያለሁ! የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ከቀላ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። በ2008 አስፐን ላይ አንድ ቤተሰብ በዚሁ ጋዝ ካለቀ በኋላ፣ ኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2009 ወዲህ በሚሸጡና በሚከራዩ ብዙ ቤቶች ከመኝታ ክፍል አጠገብ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር በሕግ ደንግጋለች። ተከራይ ወገኖቼ ከቤቱ ባለቤት ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው።

ልጅቱ የነገረችኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ከሰል የግድ ከሆነ ከቤት ውጭ ይሁን። የጭስ ማስጠንቀቂያውን በወር አንዴ ተጭናችሁ ሞክሩት፤ አሥር ዓመት ከሞላው ለውጡት። ማታ ስትተኙ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፤ የተዘጋ በር ጭሱንና እሳቱን ያዘገየዋል። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ ከሰው ሠራሽ ነገር ስለሚሠራ ቶሎ ይነድዳል፤ ለማምለጥ ያላችሁ ጊዜ ከሦስት ደቂቃ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ለማውጣት አትመለሱ። 911 ስትደውሉ እንግሊዝኛ ካቃታችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ በስልክ አስተርጓሚ ይፈለግላችኋል። ስልኩን ግን አትዝጉ።

ለምን የእኛ ልጆች?

በበጋው ልጅቱና ጓደኞቿ ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው በአንድ አፓርታማ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሲገጥሙ አብሬ ነበርኩ። አንዲት አረጋዊት እናት ዩኒፎርም የለበሱትን ሰዎች በበሩ ቀዳዳ አይተው አልከፍትም አሉ። አልፈርድባቸውም። በእኛ ዘመን ዩኒፎርም ለብሶ በር የሚያንኳኳ ሰው ሊወስድ እንጂ ሊሰጥ አልመጣም። የእህቴ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔ ነኝ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ልንገጥምልዎት ነው» አለች። በሩ ተከፈተ። እማማ የልጅቱን ሄልሜት እየዳበሱ፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ሥራው ካለቀ በኋላ ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም ተብለን በግድ ተለቀቅን።

ያች አንዲት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር እሳት በተነሣበት ሌሊት ብትሆን ኖሮ ምን ያህል ነፍስ ታድናለች? ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በቦልደር አውራጃ በነፋስ የተነዳው የማርሻል እሳት በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤቶች ሲያወድም፣ ውጡ የተባለ ሰው ትእዛዙን ወዲያው መረዳት ነበረበት። እኛ ግን ዛሬም ወደ ቤታችን የሚመጣው ሰው ቋንቋችንን እንዲያውቅልን እንመኛለን እንጂ ልጃችንን አንልክም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ። በአቅራቢያችሁ ያለውን ጣቢያ ደውላችሁ የኤክስፕሎረር ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ፤ የትምህርት ውጤትና የወላጅ ፊርማ ይጠየቃልና ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሥራውን የሚወድ ልጅ በኋላ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሊማረው ይችላል፤ ለምሳሌ በሬድ ሮክስ የእሳት አደጋ ሙያ ትምህርት አለ። የማኅበራችንና የእድራችን ሹማምንትም ሰው ሲሞት ድንኳን ከመትከል አልፈው፣ በዓመት አንድ ቀን የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጋብዘው ሕዝቡን ቢያስተምሩ ምን ይጎዳል?

እህቴ ዛሬም ሳይረን በሰማች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። ባለፈው እሑድ ግን ቡናው የፈላው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። ጣዕሙ አንድ አይደለም ብላ አጉረመረመች። ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ፤ ፌስታል የለም፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች።

ቸር ያሰማን።