ልጆቻችን ሽንት ቤት ላይ እንዴት ይቀመጡ?

(ለሆዳቸውና ለእግራቸው ጤና፦ በሬዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት፣ ለንባብ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

በዓሊ አዴና በሆልሆል መጠለያዎች፣ እንዲሁም እዚህ ጅቡቲ ከተማ በባልባላና በሌሎች ሰፈሮች የምትኖሩ እናቶች፣ አባቶችና አሳዳጊዎች፣ የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሰው በአደባባይ ለመናገር የሚያፍርበት ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ግን ቤት ለቤት ስንዞር እናቶች ወደ ጆሯችን ጠጋ ብለው በተደጋጋሚ ይጠይቁናል፦ «ልጄ ሆዱ ደረቀብኝ፤ ሽንት ቤት ሲገባ ያለቅሳል፤ ምን ላድርግ?» ስለዚህ ዛሬ ልጅ ሽንት ቤት ላይ የሚቀመጥበት ሁኔታ ከሆዱና ከእግሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንነጋገራለን።

ሰገራ እንዴት ይወጣል?

በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ አንጀቱን እንደ ቀበቶ ከኋላ ዞሮ ወደ ፊት የሚስብ ጡንቻ አለ። ስንቆም ወይም ስንሄድ ይህ ጡንቻ አንጀቱን አጥፎ ይይዘዋል፤ ሰገራ ሳንፈልግ እንዳያመልጠን የሚረዳንም እሱ ነው። የታጠፈ የውሃ ጎማ ውሃ እንደማያሳልፍ ማለት ነው። ወንበር ላይ ስንቀመጥ እጥፋቱ በከፊል ይላላል። ቁጢጥ ስንል ግን ጉልበታችን ወደ ሆዳችን ይጠጋል፣ እጥፋቱ ይበልጥ ይቃናል፣ ሰገራውም ብዙ ሳናምጥ ይወጣል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የአንድ እስራኤላዊ ሐኪም ጥናት 28 ጤነኛ ሰዎችን በሦስት ዓይነት አቀማመጥ አነጻጽሮ ነበር። ቁጢጥ ሲሉ ለመጸዳዳት በአማካይ 51 ሰከንድ ሲወስድባቸው፣ በዝቅተኛ መቀመጫ 114፣ በከፍተኛ መቀመጫ ደግሞ 130 ሰከንድ ወስዶባቸዋል። ጥናቱ የልጆች ባይሆንም የአንጀቱ አሠራር በልጅም ያው ነው።

እንግዲህ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤታችን፣ ፈረንሳዮች «የቱርክ» የሚሉት ዓይነት፣ ኋላ ቀር አይደለም። «ታዲያ የኛ ልጆች ሆዳቸው ለምን ይደርቃል?» ትሉ ይሆናል። አቀማመጥ አንዱ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ውሃ፣ ምግብና ከሁሉም በላይ ፍርሃት አለ።

ልጅ ሰገራውን ሲይዝ

ትንሽ ልጅ የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ ይታየዋል፤ «እወድቃለሁ» ብሎ ይፈራል። ጨለማው፣ ዝንቡና ሽታው ይጨመርበታል። አንድ ጊዜ ደረቅ ሰገራ ካሳመመው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይይዘዋል። በተያዘ ቁጥር አንጀቱ ከሰገራው ውሃውን ስለሚመጥ ይበልጥ ይደርቃል፤ ሲወጣም ይበልጥ ያማል፤ ልጁም እንደገና ይይዛል።

እግሩን አጠላልፎ፣ በጣቶቹ ቆሞ፣ ፊቱ ቀልቶ ጥግ የሚደበቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያምጥ ይመስለናል፤ እሱ ግን እየያዘ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ በደንብ አዳምጡኝ። ድርቀቱ ሲቆይ ቀጭን ሰገራ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ ልብሱን ያበላሻል። እናት «ተቅማጥ ያዘው» ትላለች፤ ወይም «አድጎ እያለ በልብሱ ላይ ይጸዳዳል» ተብሎ ይገረፋል፣ በእኩዮቹ ፊት ይዋረዳል። ልጁ ግን አውቆ አላደረገውም፤ መውጣቱም አይሰማውም። ዱላው ፍርሃቱን፣ ፍርሃቱም ድርቀቱን ይጨምራል። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ አትምቱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ትክክለኛው አቀማመጥ

1. ሁለቱም እግሮች በሙሉ መሬት ይርገጡ፤ ተረከዝ አይነሣ። በጣቶቹ ብቻ የቆመ ልጅ እንዳይወድቅ ሲታገል ጡንቻውን ስለሚያጠብቅ ሰገራው አይወጣለትም።

2. ጉልበቶቹ ገለል ገለል ይበሉ፤ ሰውነቱ ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብል። እጁን ያዙለት ወይም የሚይዘው ነገር ይኑር።

3. ትንፋሹን ውጦ አያምጥ። ፊኛ እንደሚነፋ «ኡፍፍ» እንዲል አስተምሩት፤ ሆዱ በቀስታ ይገፋል።

4. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ካልመጣ ይነሣ፤ በኋላ ይሞክራል። ረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ለፊንጢጣ ጥሩ አይደለም።

5. ከምግብ በኋላ ውሰዱት። ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት ስለሚንቀሳቀስ፣ በተለይ ከቁርስ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀለዋል። ሲሳካለት አመስግኑት።

ቀዳዳው ለሚያስፈራው ሕፃን ፖፖ ይሻላል። ፖፖው ዝቅ ያለ፣ እግሩም መሬት የሚረግጥ ይሁን። ብዙ ልጆች ለፖፖ የሚደርሱት ከዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ አታስገድዱት። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ በሽታ ያስተላልፋል። ሽንት ቤት ውስጥ ድፉት፣ ፖፖውን እጠቡት፣ የእናንተንም የልጁንም እጅ በሳሙና ታጠቡ። ማታ ደግሞ ልጅን ብቻውን ወደ ሽንት ቤት አትላኩ፤ ባትሪ ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።

እግርስ?

ቁጢጥ ብሎ መነሣት የጭንን፣ የመቀመጫንና የባትን ጡንቻ ያሠራል፤ ቁርጭምጭሚትና ዳሌም እንደልብ እንዲተጣጠፉ ይረዳል። ልጅ መራመድ ከጀመረ በኋላ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ መጫወት የተፈጥሮው ነው። ይሁን እንጂ ሽንት ቤት በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እግርን የሚያጠነክረው በዋናነት ሩጫ፣ ዝላይና ጨዋታ ነው። እንቅስቃሴ ለአንጀትም ይረዳል።

ሽንት ቤት ግን የእግርን ጤና ለማየት ይጠቅማችኋል። ቁጢጥ ብሎ ለመነሣት በእጁ ጭኑን እየገፋ የሚወጣ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ወይም በፊት ይችል የነበረውን ቁጢጥ ማለት ያቆመ ልጅ መታየት አለበት። የአጥንት መለስለስ ወይም የጡንቻ ሕመም ሊሆን ይችላል። እግሩ በድንገት የዛለበት ልጅ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን አሳውቁን፤ ፖሊዮ አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ወደ ሌላ አገር ለምትሄዱ

የሦስተኛ አገር ዕድል አግኝታችሁ የምትሄዱ ቤተሰቦች የወንበር ሽንት ቤት ትገጥማችኋለች። የልጅ እግር በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሆዱ በደንብ አይገፋም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ እንዲል ከእግሩ ሥር በርጩማ አድርጉለት። በሸክላው ላይ ወጥቶ ቁጢጥ አይበል፤ ሊያንሸራትተው፣ ሸክላውም ተሰብሮ ክፉኛ ሊቆርጠው ይችላል። እዚሁ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት የምትጠቀሙም እንዲሁ አድርጉ።

ውሃና ምግብ

የጅቡቲን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በበጋው ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ልጅ ሲጫወት ይረሳልና ንጹሕ ውሃ በየጊዜው ስጡት። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን በሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ አትስጡት፣ ጡቱን ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ፣ ጥቂት ቀን ሳይጸዳዳ ቢቆይ፣ ሰገራው ለስላሳ ከሆነና ጤነኛ ከሆነ ድርቀት አይባልም።

ነጭ ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ ብቻ የሚበላ ልጅ ሆዱ ይደርቃል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮና ጎመን፣ ሲገኝም ፓፓያ፣ ብርቱካንና ተምር ጨምሩበት። ወተት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ቀኑን ሙሉ ወተት ብቻ እየጠጣ ምግብ ከተወ ይደርቅበታል።

ሳሙና፣ በርበሬ ወይም እንጨት በፊንጢጣ አታስገቡ፤ ያቆስላል። የትልቅ ሰው ማስቀመጫም ሆነ ኮሶ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ለልጅ አትስጡ።

ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጡት መቼ ነው?

• ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው፣ በተለይ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፤
• ሰገራው ደም ካለበት፤
• አንጀቱ በፊንጢጣ በኩል ከወጣ፤
• ትኩሳት ካለው ወይም ከከሳ፤
• አዲስ የተወለደ ሕፃን በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተጸዳዳ፤
• ድርቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ልብሱን የሚያበላሽ ከሆነ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ፦ ልጃችሁን ከቁርስ ወይም ከምሳ በኋላ ሽንት ቤት ውሰዱት፣ ተረከዙ መሬት መርገጡን እዩ፣ እጁን ያዙለት፣ አታጣድፉት። ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ በየብሎኩ የሚዞሩትን የጤና ሠራተኞች ጠይቁ፤ የሚያሳፍር ጥያቄ የለም።